በምርት መሐል የሚማር ሞዴል ስህተቱንም ይማራል

የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2025 ለውይይት ያቀረበው ረቂቅ አባሪ 22 (የመድኃኒት አመራረት ደንቡ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚጨምረው ክፍል)፣ በመድኃኒት ምርት ወሳኝ ሥራዎች ላይ፣ እየሠራ ራሱን የሚለውጥ የኮምፒውተር ሞዴል እንዳይገባ ይላል። የሚፈቀደው ተምሮና ተፈትኖ የተቆለፈው ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ የሚሰማው እሮሮ ትዕግሥት ያስጨርሳል፤ በተለይ "መድኃኒቱን የሚያመርተው ሴል ሕያው ነው፣ በየቀኑ ይለዋወጣል፤ የቆመ ሞዴል እንዴት አድርጎ ይከተለዋል?" የሚለው።

ይህ ሁለት ነገር ያደባለቀ ክርክር ነው። የሚለዋወጠው የሴሉ ሁኔታ ነው፦ ብዛቱ፣ የተረፈው ግሉኮስ፣ የተጠራቀመው ላክቴት (ሴሉ ስኳር ሲበላ የሚያወጣው አሲድ)። እነዚህ ሞዴሉ ውስጥ ድሮም ተለዋዋጭ ተብለው ተቀምጠዋል። ካልማን ፊልተር የሚባለው፣ የሞዴሉን ግምትና ልኬቱን የሚያዋህድ ስሌት፣ አዲስ ልኬት በደረሰው ቁጥር ግምቱን ያርማል፤ ቀመሩንና በቀመሩ ውስጥ ያሉትን ቋሚዎች ግን አይነካም። 14 ቀን የሚፈጅ የሲኤችኦ ሴል (ለመድኃኒት ፕሮቲን ማምረቻ የሚያገለግል የሃምስተር ሴል) ምርት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በአንድ የተቆለፈ ሞዴል ሊመራ ይችላል። የመኪና ፍጥነት መለኪያ ቀስቱ ስለሚንቀሳቀስ ብሎ በየመንገዱ ቁጥሮቹን እንደገና የሚጽፍ የለም።

"ሞዴሉ ራሱን ያስተምር" የሚሉት ደግሞ ከምን እንደሚማር አይነግሩንም። የሚማረው ከናሙና ነው። ኦፕሬተሩ በቀን አንድ ጊዜ ከባዮሪአክተሩ፣ ሴሎቹ ከሚያድጉበት ገንዳ፣ በስሪንጅ ይቀዳና ወደ መመርመሪያው መሣሪያ ይወስደዋል። እስኪደርስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይበናል፤ ፒኤቹ (አሲድነቱ ሲቀንስ ከፍ የሚለው ቁጥር) ይወጣል። ገንዳው ውስጥ 7.00 የነበረው መሣሪያው ላይ 7.10 ተብሎ ይነበባል። ያልጠረጠረ ሰው የገንዳውን ሴንሰር ተሳስቷል ብሎ ወደ 7.10 ያስተካክለዋል። ተቆጣጣሪው 7.00 ጠብቅ ተብሏልና፣ ሴንሰሩ 7.00 እስኪል ድረስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል። እውነተኛው ፒኤች አሁን 6.90 ነው። ደህና የነበረውን ምርት ያበላሸው እርማቱ ራሱ ነው። ሁለተኛ ናሙና ሳይወሰድ፣ ልዩነቱም ከተቀመጠው ገደብ ሳያልፍ ሴንሰር አይነካም የሚል የሥራ መመሪያ የሚጻፈው ለዚህ ነው። ራሱን የሚያስተምር ሞዴል ይህንኑ እርማት ማንም ሳያየው፣ ሌሊት ሌሊት ይሠራዋል።

የግሉኮሱ ይብሳል። በሚሊ ሊትር 20 ሚሊዮን ሴል አለ እንበል፤ እያንዳንዱ በሰዓት 0.2 ፒኮሞል ኦክስጅን ቢወስድ፣ አንዱ ሊትር በሰዓት 4 ሚሊሞል ይፈጃል። በ40 በመቶ ሙሌት በአንድ ሊትር ውስጥ የሟሟው ግን 0.08 ሚሊሞል ገደማ ነው፤ በ72 ሰከንድ ያልቃል። ናሙናው ሲቀዘቅዝ ፍጆታው ይቀንሳል እንጂ አይቆምም። ጠረጴዛ ላይ ግማሽ ሰዓት በቆየ ስሪንጅ ውስጥ ሴሎቹ ኦክስጅን አጥተው ግሉኮሱን ወደ ላክቴት እየለወጡ ይበሉታል፤ ውጤቱም ዝቅ ብሎ ይወጣል። በራማን ብርሃን (ፈሳሹ ላይ ተበትኖ በሚመለስ የሌዘር ብርሃን) ግሉኮስ የሚያነበው ሞዴል ይህን ቁጥር እንደ እውነት ይዞ ቢማር፣ ከዚያ በኋላ ሁልጊዜ ዝቅ አድርጎ ያነባል። ፓምፑ የማያስፈልግ ስኳር ይጨምራል፣ ላክቴት ይወጣል፣ እሱን ለማርገብ ቤዝ ይገባል፣ ኦስሞላሊቲው (በፈሳሹ ውስጥ የሟሟው ነገር ክምችት) ይንራል፤ ትርፉ ስኳርም መድኃኒት የሚሆነው ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል። ይህ ሁሉ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ምንም ችግር አይታይም፤ ሞዴሉና ናሙናው ተስማምተዋልና። ሁለቱ አለመስማማታቸው ነበር ብቸኛው ማስጠንቀቂያ፤ እሱን አጠፉት።

ባቹ (የአንድ ዙር ምርቱ) ከተበላሸ በኋላ የሚመጣውን ምርመራም አስቡት። በ9ኛው ቀን፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ፓምፑን ያዘዘው የትኛው ሞዴል ነው? "ለውጡ ሁሉ ይመዘገባል" ይሉናል። መመዝገብ ሌላ፣ መፈተን ሌላ። ረቂቁ ሞዴሉ ባልተማረበት ዳታ ይፈተን ይላል፤ ትናንት ማታ የተለወጠ ሞዴል በየትኛው ዳታ ተፈተነ?

የተቆለፈ ሞዴል ያረጃል፤ ይህ እውነት ነው። ሚዲያው (የሴሎቹ መመገቢያ ፈሳሽ) ከሌላ አቅራቢ ሲመጣ፣ ፕሮቡ (ገንዳው ውስጥ የሚገባው መለኪያ) ሲቀየር፣ አዲስ የሴል ባንክ (በረዶ ሆኖ የተቀመጠ የሴል ክምችት) ሲከፈት ንባቡ ይዛባል። ታዲያ በባችና በባች መካከል ይታደስ። ሞዴሉ ጨርሶ ባላያቸው ሙሉ ባቾች ይፈተን፤ ከአንድ ባች ውስጥ የተወሰኑ ነጥቦችን አውጥቶ መፈተን ግን ራስን ማታለል ነው፣ የሰኞው ናሙና የማክሰኞውን ግማሹን ነግሮ ጨርሷልና። ካለፈ አዲስ የስሪት ቁጥር ይሰጠው፣ ይቆለፍ፣ ወደ ሥራ ይግባ።

ረቂቁ ላይ እንዲስተካከል የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። ግምቱን በየጊዜው የሚያርም ሞዴልና ቋሚዎቹን የሚለውጥ ሞዴል የተለያዩ መሆናቸው በግልጽ፣ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፍ። ካልተጻፈ ነገ አንድ ኢንስፔክተር መጥቶ ካልማን ፊልተሩንም ንቀሉ ይላል፤ ክልከላውን የሚቃወሙትም ያንን ይዘው መላውን አንቀጽ ለማስፋቅ ይሮጣሉ።