የደቻቱ ጎርፍ የሚጀምረው ደቻቱ ላይ አይደለም

ሰሞኑን ስለ ድሬዳዋ ጎርፍ በተደረገ አንድ ውይይት ላይ አንድ ኃላፊ ተነሡና «እርከንና ሣር የገበሬ ሥራ ነው፤ ከተማን የሚያድነው ግንብ ነው» አሉ። «ዛፍ እስኪያድግ 20 ዓመት አንጠብቅም» ብለውም ጨመሩበት። ተጨበጨበላቸው። እኔ ግን ደሜ ፈላ።

ክቡርነትዎ፣ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ድሬዳዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ከ250 በላይ ሰው በላ። ከዚያ ወዲህ ስንት ዓመት ሄደ? ያኔ የተተከለ ችግኝ ዛሬ ትልቅ ዛፍ ነበር። አንጠብቅም ያሉትን ዓመታት እኮ ጠብቀናቸዋል፤ ባዶ እጃችንን።

ደግሞስ ዛፍ ብቻ ማን አለ? ከብትና ፍየል የተከለከለ ተራራ ላይ ሣሩ በአንድ ሁለት ክረምት ይመለሳል። የድንጋይ እርከን ደግሞ የተሠራ ዕለት ሥራውን ይጀምራል።

ድሬን የሚያውቅ ደቻቱን ያውቀዋል። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል፣ ነጋዴው ሸራውን ይዘረጋበታል። ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ነው፣ ከደንገጎ በኩል ካለው ደጋ። ድሬ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ተቀምጣለች፤ ከበላይዋ ያለው ተራራ ከ2,000 ይበልጣል። በዚያ የተራቆተ ቁልቁለት ላይ የወረደ ዝናብ መሬት ውስጥ ለመግባት ጊዜ የለውም። አፈሩን ልጦ፣ ድንጋዩን እያንከባለለ ይመጣል።

የግንብ ወዳጆች የማይመልሱልኝ ጥያቄም እዚህ ላይ ነው። ጎርፍ ውሃ ብቻ አይደለም። ከተራራ የወረደው አሸዋና ጠጠር ሜዳው ላይ ሲደርስ ይተኛል። የወንዙ ወለል ከፍ ይላል። ወለሉ ከፍ ባለ ቁጥር ግንቡ ያጥራል። ማንም ሳይነካው ያጥራል! ከዚያ በኋላ ወይ አሸዋ ሲዝቁ መኖር ነው፣ ወይ ግንብ ሲቀጥሉ መኖር። ዘንድሮ የተዛቀውን ተራራው ለከርሞ ይተካዋል። ላዩ ካልተያዘ ለዚህ ሥራ የሚበቃ ሲሚንቶ በአገሩ የለም።

በዝናብ ጊዜ አንድ የተከለለ ተራራ ላይ ቆመው ይዩ። ጠብታው መጀመሪያ ቅጠል ላይ ያርፋል፣ ከዚያ ሣር ላይ። የተረፈው ከእርከኑ ጀርባ ተጠራቅሞ ቀስ እያለ ይሰርጋል። የውሃ መውረጃውን በሚገታው የድንጋይ ክትር ጋ ደግሞ ለም አፈር ይቀራል። እዚያው አጠገብ ባለው ባዶ መሬት ላይ ግን ቡና የመሰለ ውሃ ይጋልባል።

ይህን ኮንሶዎች ከ400 ዓመት በላይ ሠርተውበታል። ትግራይ ውስጥ አብርሃ ወአጽብሃ የተራቆተውን መሬቱን አልብሶ የጉድጓዱን ውሃ መልሷል። ሁለቱንም ያቆመው የገበሬ ክንድ ነው። «የገበሬ ሥራ» ማለት ማናናቂያ የሆነው ከመቼ ወዲህ ነው?

አዎ፣ ሰማዩ ሲቀደድ እርከንም ይሞላል። ግንቡ ይኑር፣ ይፍረስ ያለ የለም። ግን ከላይ የሚኖረው ገበሬ በነፃ እንዲሠራልን አንጠብቅ። ፍየሉን ከተራራው አውርድ ካልነው ሣሩን አጭዶ ይውሰድ፣ ድንጋይ ለተሸከመበትም ቀን ይከፈለው። ቦታው የሌላ ክልል ነው የሚል ሰበብ አልሰማም፤ ጎርፉ የሚገባው እኛ ቤት ነው።

የእርከን ሥራ ወቅቱ ጥርና የካቲት ነው። በሐምሌ በሚጀምረው በጀት ላይ ለደንገጎ ቁልቁለት አንድ መስመር ካልተያዘ፣ ጥር ላይ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው አይኖርም።