አሳዳጁ ፓርላማው ነበር
አንድ ጸሐፊ ስለ 17ኛው ክፍለ ዘመን የእንግሊዝ ንጉሥ ሲጽፉ «ዳግማዊ ቻርልስ ዙፋኑን እንዳገኘ የብሬዳ ቃሉን በልቶ ፒዩሪታኖችን ማሳደድ ጀመረ» ማለታቸው ዋናውን ተጠያቂ ያስረሳል። (ፒዩሪታኖች የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ከካቶሊክ ሥርዓት ቅሪት እንድትጠራ የሚሹ ፕሮቴስታንቶች ነበሩ።) እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 1660 ቻርልስ በስደት ሳለ በሆላንድ ከተማ ብሬዳ ያወጣው መግለጫ የኅሊና ነፃነትን ተስፋ ሲሰጥ ማጽናቱን ለፓርላማ ትቶ ነበር፤ ክፍተቱም ይኸው ነው። በ1661 የተመረጠው ፓርላማ የንጉሡና የጳጳሳቱ ደጋፊዎች የሞሉበት ስለነበር ምሕረት የሚባል አላወቀም። በ1662 ያወጣው ሕግ ካህናት እስከ ኦገስት 24 ድረስ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የአምልኮ መጽሐፍ የሆነውን የጋራ ጸሎት መጽሐፍ ሙሉ በሙሉ መቀበላቸውን በምእመናን ፊት እንዲናገሩ፣ በጳጳስ እጅ ያልተሾመም አጥቢያውን እንዲለቅ አስገደደ፤ ከ1660 ጀምሮ የተባረሩት ወደ 2,000 ይጠጋሉ። ንጉሡማ በ1672 ከዚህች ቤተ ክርስቲያን ውጪ የሚያመልኩትን የሚቀጡትን ሕጎች በራሱ ሥልጣን አግዶ ነበር። ፓርላማው ግን ከሆላንድ ጋር ለሚያደርገው ጦርነት ገንዘብ እንደማይሰጥ ሲያሳውቀው በ1673 እገዳውን አነሣ፤ የመንግሥት ሹማምንት በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት እንዲቆርቡ የሚያስገድደውንም ሕግ ፈረመ። እርግጥ በእገዳው የንጉሡ ፍላጎት ካቶሊኮችንም ለመጥቀም ነበር፣ የፓርላማውን ጥርጣሬ ያባባሰውም ይኸው ነው። «ሕጎቹ ወረቀት ላይ ቀሩ» ላሉት አስተያየት ሰጪ፦ የ1670ውን የስብሰባ ሕግ ይመልከቱ። ከእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ውጪ በሚደረግና ከቤተሰቡ ሌላ ከአራት ሰው በላይ ባለበት ጸሎት የተገኘ ለመጀመሪያ ጊዜ 5 ሽልንግ፣ ሰባኪው 20 ፓውንድ ይቀጣ ነበር፤ ከቅጣቱ ሲሶው ለጠቋሚው ይሰጥ ነበር፤ ሕጉን ማስፈጸም ቸል ያለ የሰላም ዳኛም (የአካባቢ ዳኛ) 100 ፓውንድ ይከፍል ነበር። ጎረቤት ጎረቤቱን አሳልፎ እንዲሰጥ የተከፈለበት ሕግ ወረቀት ላይ ቀረ አይባልም፤ ድሃ ኩዌከሮች (ያለ ካህን በጸጥታ የሚያመልኩ ክርስቲያኖች) ለቅጣቱ የቤት ዕቃቸውንና ከብታቸውን ተወርሰዋል።