ለተከበሩ የቡቺ ፀጉር፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ አያቴን ስለ መሰረዝዎ

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? አድራሻዎን «ባሉበት» ብዬ የጻፍኩት ለወጉ ያህል አይደለም። የሌሉበት ቦታ ስለጠፋኝ ነው።

ዛሬ ማክሰኞ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ከቤት ወጣሁ። የጦሳ ተራራ ጉሙን እንደደረበ ነው። የደሴ ብርድ አጥንት ይገባል፤ እኔም ነጩን ጋቢዬን ደረብኩ። ተራ ለመያዝ እንደምሄድ እርስዎም ያውቃሉ። መቼም ሁሌ አብረውኝ ነው የሚሰለፉት። ቅጽ ተሞልቷል፣ ሁለት ጉርድ ፎቶ አለ፣ የልደት ካርዱ ዋናውም ኮፒውም አለ። ኮፒውን ያስነሳሁት ትናንት ነው። ወረቀቱን መስታወቱ ላይ ሳስተካክል ከጋቢዬ ላይ ብድግ ብለው ቀድመውኝ እንደተኙ አላየሁም። ጥቁርና ቀጭን ነዎት። ምን ላድርግ?

4 ሰዓት ተኩል ላይ ተራዬ ደረሰ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አለኝ ባለመስኮቱ።

«የልደት ካርድ ኮፒ።»

«እሱንማ አየሁት። የአያት ስም ላይ ያለው ጭረት?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እርስዎ ነዎት። ከመጀመሪያው ፊደል ተነሥተው፣ መሃል ላይ እንደ ሐረጎ መንገድ ጠምዘዝ ብለው፣ የመጨረሻው ፊደል ላይ አርፈዋል። በጣቴ ጠረግኩዎ። አልሄዱም። እንዴት ይሂዱ፣ ታትመዋል! ቢጨንቀኝ እፍ አልኩብዎ። ልብ ይበሉ፣ የልጆች አባት ነኝ። ሰልፉ እያየኝ ፎቶ ኮፒ ላይ እፍ እላለሁ።

«የውሻ ፀጉር ነው» አልኩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«የምን?»

«የውሻ።»

«የውሻ ፀጉር ነው ይላል!» ብሎ ለጎኑ ባልደረባ አስተላለፈ። ሰልፉ በሳቅ አውካካ። ከኋላዬ የነበሩ አንድ አባት ብቻ «አብሽር ልጄ» አሉኝ። ብለውኝ ሲያበቁ ነጭ ጀለቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ አሉ። አልፈርድባቸውም። ሶላት አለባቸው፣ እኔ ደግሞ እርስዎን ለብሻለሁ።

«ስርዝ ድልዝ ያለበት ሰነድ አንቀበልም። አያትህ ተሰርዘዋል።»

ዋናው እኮ እጄ ላይ ነበር! ንጹህ ነው፤ ማህተሙ ከሩቅ ይነበባል። ዘረጋሁለት። ቀና ብሎም አላየው። «እኛ የምናስቀምጠው ኮፒውን ነው» አለ። ሮጬ ሌላ አስነሥቼ ስመለስ መስኮቱ ተዘግቷል። ስብሰባ። አየህ አንተ ፀጉር? አዎ፣ አንተ! እርስዎነቱ ይቅርብህ። ሰው እውነቱ ፊቱ ተዘርግቶ ጭረቱን ያምናል። ከእኔ በፊት አንዲት እናት ነበሩ፤ ከሐይቅ ማዶ በሌሊት መኪና የመጡ። አንዱ ወረቀት ላይ ስማቸው በሃሌታው ሀ፣ ሌላው ላይ በሐመሩ ሐ ተጽፏል ተብለው ተመለሱ። እሳቸው ውሻ የላቸውም። ፊደሉንም የጻፉት እሳቸው አይደሉም። ምንም አላሉም። ወረቀታቸውን በፌስታል ጠቅልለው ወጡ። በእሳቸው ማንም አልሳቀም፤ ማንም ደግሞ ምንም አላለም። እኔም ጭምር፤ ተራዬ እንዳያልፍ ፈርቼ።

ይቅርታ። ወደ እርስዎ ልመለስ።

የቆየውን ቂም ባጭሩ። ሻጩ «ፑድል አለበት፣ ፀጉሩ አይረግፍም» ብሎ ነው ቡቺን የሰጠኝ። ፀጉር ኖሮት ጭራሽ የማይረግፍ ውሻ የለም። የፑድልም ይረግፋል፤ ጥቅልሉ ውስጥ ተይዞ ስለሚቀር ነው የማይታየው። እኔ ይህን ያወቅኩት ሶፋዬ ጠጉር ካበቀለ በኋላ ነው።

እንጀራ ላይ ስላገኘሁዎ ቀን አልናገርም።

በየሳምንቱ በራሴ ሻምፖ አጠብኩዎ። የውሻ ቆዳ እንደ ሰው ቆዳ አሲድ የበዛበት አይደለም ለካ። ደረቀ፣ ቅርፊት አወጣ፣ እርስዎም በእልህ በዙ። አሁን በወር አንዴ ነው፣ በራሱ በውሻ ሻምፖ፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ሲገኝ። ሳላበጥር ማጠቤም ሌላ ጥፋት ነበር። የተቋጠረ ፀጉር ውሃ ሲነካው ይባስ ይጠብቃል። ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ያለውን ቋጠሮ ስፈታ አንድ ቅዳሜ አለቀ።

ልላጭዎም አስቤ ነበር። ግን ድርብ ነዎት። ላይ ረጅሙ፣ ስር እንደ ጥጥ የለሰለሰው። ቤቴን የሞላው በብዛት የስሩ ነው። ቢላጩም መርገፍዎን አይተዉም፤ አጥረው ይረግፋሉ። ቡቺ ደግሞ ለፀሐይም ለብርድም ራቁቱን ይቀራል። በዚህ በደሴ ብርድ!

ሐኪም ዘንድም ወስጄዋለሁ። ሰውዬው የለመዱት በሬና ላም ነው። ቡቺን አገላብጠው አዩና «ይሄ ለምን ያገለግላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ከዚያ ገልጠው ፈተሹት። ቁንጫ የለም፣ እከክ የለም፣ የተመለጠ ቦታ የለም። «ጤነኛ ነው፣ በየቀኑ አበጥረው» ብለው ሸኙኝ።

አበጥራለሁ እንግዲህ። ማታ ማታ ደጅ ላይ፣ በባለሽቦ ብሩሽ፣ ፀጉሩ በተኛበት አቅጣጫ፣ ቀስ ብዬ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ከቡቺ ጋር ብሩሹን የምንታገልበት ሳይቆጠር። ሶፋውንና ጋቢውን ረጠብ ባለ የላስቲክ ጓንት እጠርጋለሁ፤ እየተንከባለሉ ይሰበሰባሉ። ከሚሰበሰበው ባና ማሠራት ይቻል ነበር። ከበግ ፀጉር ይሠራ የለ?

ሐሙስ እመለሳለሁ። ጋቢዬ እናቴ ቤት ያድራል። አዲሱን ኮፒ በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሳጥኑ አናት ላይ ሰቅዬዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ከወረቀቱ ሁለት ሜትር እንዲርቁልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር

ግልባጭ፦ የለም። ኮፒ ቤት ተመልሼ አልገባም።