ሰንጢው ከቆረጠ ዋጋው ምን ያደርጋል?

ሰሞኑን አንድ ሰንጢ እየገመገመ ቪዲዮ የሚሠራ ሰው የተናገረውን ሰምቼ ደሜ ፈላ። ሰውየው ርካሽ ተጣጣፊ ሰንጢ ከገበያ ይጥፋ ባይ ነው። ሦስት ምክንያት ደርድሯል። ብረቱ ቶሎ ይዶለዱማል፣ ተከፍቶ ሳለ ስለቱ እንዳይታጠፍ የሚይዘው መቆለፊያ እየለቀቀ ጣት ያስቆርጣል፣ ዋጋው ዝቅ ማለቱ ደግሞ ለክፉ ሰው በር ይከፍታል። ጥሩውን መግዛት የማይችል ሰው ጭራሽ ባይዝ ይሻላል ብሎ ነው ነገሩን የዘጋው። የሚያሳዝነው ስንቱ ሰው "ልክ ብለሃል" እያለ ማጨብጨቡ ነው።

ልክ አላለም። ከመጨረሻው ልጀምርና ላሳይ፤ ከሦስቱ ሁሉ ጨርሶ ውኃ የማያነሳው እሱ ነው።

ሰንጢ ቢወደድ ክፉ ሰው እጁ ባዶ ይቀራል ነው የሚለን። እስቲ ማንም ሰው ተነስቶ ማድ ቤት ይግባ። መሳቢያውን ይክፈት። እዚያ የተኛው ቢላዋ ከኪስ ሰንጢ ሁለትና ሦስት እጥፍ ይረዝማል። አይታጠፍም። መቆለፊያ አይፈልግም። ስንፈልገው ከየቤቱ አለ። ሰው መጉዳት ያሰበ ሰው ጣት የምታህል፣ በሁለት እጅ የምትከፈት፣ ሲገፏት ልትታጠፍ የምትችል ሰንጢ ፍለጋ ገበያ አይወጣም። ይህን ለመረዳት ምርምር አያስፈልግም። ማሰብ ብቻ ይበቃል።

ጃፓን ውስጥ የሆነውን ላስታውስ። ሂጎኖካሚ የሚባል ሰንጢ አላቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ የሚሠራ ነው። የታጠፈ ብረት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ አንድ ፒን፤ በቃ፣ ሌላ ነገር የለውም። ተማሪ እርሳሱን የሚቀርጸው በእሱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1960 የሶሻሊስት ፓርቲው መሪ ኢነጂሮ አሳኑማ መድረክ ላይ ንግግር እያደረጉ ተገደሉ። ገዳዩ የያዘው አጭር ሰይፍ ነበር። ከዚያ በኋላ ልጆች ስለት እንዳይዙ ዘመቻ ተነሳ፤ ሂጎኖካሚም ከተማሪው ኪስ ወጣ። ሠሪዎቹም ተመናመኑ። በሰይፍ ለጠፋው ሕይወት የእርሳስ መቅረጫው ተቀጣ። ገምጋሚው ዛሬ አዲስ ሐሳብ አስመስሎ የሚያቀርብልን ይህንኑ ነው።

ሕጉን ላየ ሰው ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የተገላቢጦሽ ነው። እንግሊዝ ውስጥ ምክንያት ሳይጠየቁ በኪስ መያዝ የሚቻለው ስለቱ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሴንቲ ሜትር የማይበልጥና የማይቆለፍ ተጣጣፊ ሰንጢ ነው። ጀርመን በአንድ እጅ የሚከፈትና የሚቆለፍ ሰንጢን ያለ በቂ ምክንያት በአደባባይ መያዝ ትከለክላለች። ታዲያ በአንድ እጅ ተከፍቶ ቀጭ ብሎ የሚቆለፈው የትኛው ነው? ገምጋሚው ከፍ አድርጎ የሚያሳየን ውዱ አይደለም እንዴ? የማይቆለፈው፣ በጥፍር የሚከፈተው፣ ትንሹ ሰንጢ ብዙውን ጊዜ ከርካሾቹ ወገን ነው። ሕግ አውጪዎቹ የፈሩት ርካሹን አይደለም። (የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ ከመያዝ በፊት ማወቅ የያዡ ግዴታ ነው።)

መቆለፊያው ጣት ያስቆርጣል ለሚለው ብዙ ጊዜ አላጠፋም። ሰንጢ በሰው ጣት ላይ የሚታጠፈው ብዙውን ጊዜ ከሥራው ውጪ ሲውል ነው። ክዳን ሲፈለቀቅበት፣ ብሎን ሲፈታበት፣ በጫፉ እንደ መሮ ሲወጋበት። በዚያ አያያዝ ውዱም ይታጠፋል፤ ካልታጠፈም ጫፉ ይሰበራል። የፈረንሳዩን ኦፒኔል ተመልከቱ። ጆሴፍ ኦፒኔል እ.ኤ.አ. በ1890 የሠራው ሰንጢ ነው። እስከ 1955 ድረስ መቆለፊያ የሚባል ነገር አልነበረውም። ያኔ የተጨመረለት አንገቱ ላይ የሚዞር አንድ የብረት ቀለበት ነው። ቀለበቱን ታዞሩታላችሁ፣ ስለቱ አይንቀሳቀስም፤ መልሳችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ይታጠፋል። ሞላ የለው፣ የሚያረጅ ጥቃቅን ክፍል የለው። ዛሬም ከርካሾቹ አንዱ ነው። የውዶቹ መቆለፊያ ከዚህ በምን እንደሚበልጥ ገምጋሚው ሊነግረን ይገባ ነበር። አልነገረንም።

መናኛ ሰንጢ የለም አልልም። ሲከፈት ስለቱ ወደ ግራና ቀኝ የሚወላወል፣ ሲታጠፍ ጫፉ ከእጀታው አፈንግጦ የሚቀር ሰንጢ አለ። የሌላውን ስምና መልክ ሰርቆ የተሠራም ሞልቷል። እሱን አትግዙ። ግን ይህን ለማወቅ ከፍቶ መወዝወዝ፣ ዘግቶ ማየት ይበቃል። ከመናኛው ለማምለጥ ውድ መግዛት ግድ ነው የሚለው ግን የሻጭ ወሬ ነው።

አሁን ወደ ብረቱ ልምጣ። የእኔ ዋና ጠብ እዚህ ላይ ነው።

ርካሽ ሰንጢ ቶሎ ይዶለዱማል ይሉናል። እሺ፣ ከውዱ ቀድሞ ይዶለዱማል። ከዚያስ? ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ማንም አያወራም። ኤስ30ቪ የሚባለውን ብረት እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ፣ በውድ ሰንጢዎች ስሙ የገነነ ብረት ነው። ቫናዲየም የሚባል ንጥረ ነገር 4 በመቶ አለው። ቫናዲየሙ ከካርቦን ጋር ሲዋሃድ ብረቱ ውስጥ እጅግ ጠንካራ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። ስለቱ ብዙ ጊዜ የሚቆየው በእነሱ ምክንያት ነው። ግን እነዚሁ ቅንጣቶች ተራ መሳያ ድንጋይ ከሚሠራበት ከአሉሚኒየም ኦክሳይድ ይልቅ ይጠነክራሉ። ስለዚህ ስለቱ አንዴ ከዶለዶመ በቤት ውስጥ ባለ ድንጋይ መሳሉ መከራ ነው። የአልማዝ መሳያ ቢኖር ነው የሚቀለው። ትዕግሥት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ሁለቱም የለውም። ውጤቱ ምንድነው? ውዱ ሰንጢ ከዓመት በኋላ ዶልዱሞ መሳቢያ ውስጥ ይተኛል። ባለቤቱ ግን አሁንም ስለ ብረቱ ያወራል።

ርካሹ ብረት እንዲህ አይደለም። የስዊሱ ቪክቶሪኖክስ የሚሠራበት ብረት ጥንካሬው በሮክዌል መለኪያ 56 ገደማ ነው። ውዶቹ 60 አካባቢ ይደርሳሉ፣ አንዳንዶቹ ያልፋሉ። ይህች የ4 ነጥብ ልዩነት በወረቀት ላይ ውርደት ትመስላለች። ድንጋይ ላይ ግን እፎይታ ናት።

ሥራውን ላሳያችሁ። ድንጋዩን ውኃ ታርሱታላችሁ። ስለቱን አስተኝታችሁ ጀርባውን በትንሹ ከፍ ታደርጋላችሁ፤ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ ይበቃል። ከእጀታው ሥር ጀምራችሁ ማዕዘኑን ሳትለቁ እስከ ጫፉ ትስላላችሁ። ትንሽ ቆይቶ ውኃው ይጠቁራል። ያ የተበላው ብረት ነው። ከዚያ አውራ ጣታችሁን ከስለቱ ጀርባ ወደ ጠርዙ፣ ወደ ውጭ ብቻ ትዳብሱበታላችሁ። በማዶው ወገን አንድ ቀጭን ሻካራ ነገር ጣታችሁን ይይዘዋል። ከሥር እስከ ጫፍ ከያዘ ያኛው ወገን በቅቶታል። ገልብጣችሁ ሌላውን ትስላላችሁ። በመጨረሻ ባረጀ የቆዳ ቀበቶ ላይ በጀርባው በኩል እየጎተታችሁ ያንን ሻካራ ነገር ታስወግዱታላችሁ። ወረቀት በአንድ እጅ አንጠልጥላችሁ ሞክሩት። ሳይቀድ፣ ሳይጎትት ይሰነጥቀዋል።

ለስላሳ ብረት ላይ ይህ ሁሉ ቡና ሳይፈላ ያልቃል። ከፋብሪካ ሲወጣ ጥሩ ያልተሳለ ርካሽ ሰንጢ እንኳ በዚህ ይድናል። በሳምንት አንዴ ድንጋይ የሚነካው ርካሽ ሰንጢ፣ ዓመቱን ሙሉ ድንጋይ ካላየው ውድ ሰንጢ ይበልጣል። ደጋግሜ እለዋለሁ። ዶልዷማ ውድ ሰንጢ ዶልዷማ ሰንጢ ነው። እንዲያውም አደገኛው እሱ ነው፤ ሰው ስለማይቆርጥለት ይገፋል፣ ሲገፋ ያመልጠዋል፣ ሲያመልጠው እጁ ላይ ያርፋል። ስለ ጣት ያን ያህል የተጨነቀ ገምጋሚ ስለ መሳያ ድንጋይ አንድ ቃል አለመተንፈሱ ይገርመኛል።

ሌላም አለ፤ ውፍረት። ውዶቹ ሰንጢዎች ጦር ሜዳ የሚዘምቱ ይመስል ስለታቸው 3 እና 4 ሚሊ ሜትር ይወፍራል። የኦፒኔል ቁጥር 8 ስለት 8.5 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ውፍረቱ ግን ከ2 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ወፍራም ካርቶን ሁለቱንም አስገቡበት። ቀጭኑ ሰተት ብሎ ያልፋል። ወፍራሙ ጠርዙ ገብቶ ትከሻው ላይ፣ ማለትም ከጠርዙ በላይ የሚወፍረው ክፍል ላይ ይቀረቀራል፤ ከዚያ በኋላ ካርቶኑን ይቀደዋል እንጂ አይቆርጠውም። ብረቱ የፈለገውን ያህል ይወደድ፣ ትከሻው ካልገባ አልገባም። ማግናከት የተባለውን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣውንና ዛሬ ሁሉ የሚያወራለትን ውድ ብረት የቀመረው ላሪን ቶማስ ራሱ የስለት ማዕዘን ለመቁረጥ ምን ያህል ወሳኝ እንደሆነ ደጋግሞ የጻፈ የብረት ሳይንቲስት ነው። የውዱ ብረት አባት ያመነውን የውዱ ብረት አድናቂ አላመነውም።

ከሁሉ በላይ ግን እኔን የሚያሳምነኝ ይሄ ነው። ሰው የሚሳሳለትን ዕቃ አይሠራበትም። ውድ ሰንጢ የገዛ ሰው ሙጫ ያለበት ካርቶን ሲያጋጥመው መቀስ ይፈልጋል። የሚቧጭር ነገር ሲመጣ "በእሱስ አልነካም" ይላል። ሰው ላንዴ አውሰኝ ሲለው ፊቱ ይቋጠራል። ጉዞ ሲወጣ እንዳይጠፋ ብሎ ቤት ይተወዋል። ታዲያ ለምን ገዛው? ርካሹን የያዘ ሰው ግን ገመድ ይበጥስበታል፣ የሽቦ ላስቲክ ይልጥበታል፣ ሥር ለመቁረጥ አፈር ውስጥ ይከተዋል፣ የደረቀ ቀለም ይፍቅበታል። ጠርዙ ተሸረፈ? ማታ ይስለዋል። ጠፋ? ያዝናል፣ ሌላ ይገዛል። በእጅ ሻንጣው ረስቶት አውሮፕላን ፍተሻ ላይ ቢወሰድበት ጉዞው አይበላሽም። የመሣሪያ ነፃነት ማለት ይሄ ነው። በውድ ብረት የሚገዛ አይደለም።

አንዳንዱ ርካሽ ሰንጢ የሚሠራበት ካርቦን ብረት ይዝጋል የሚል ክርክርም ሰምቻለሁ። ይዝጋል፤ እርጥብ ተደርጎ ከተዘጋ። ከተጠቀሙበት በኋላ በጨርቅ መጥረግ፣ ማጠፊያው ላይ አንዳንዴ ጠብታ ዘይት ማድረግ፤ ይኸው ነው መድኃኒቱ። ከጊዜ በኋላ ስለቱ ላይ የሚመጣው ግራጫ ቀለም ዝገት አይደለም፤ ጎጂም አይደለም። የእንጨት እጀታ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ስለቱም አልወጣ ይላል። አድርቁት፣ ይወጣል። ይህን ለማድረግ የማይፈልግ ሰው የማይዝገውን ይግዛ። እሱም በርካሽ አለ። ዕቃን መንከባከብ ለገምጋሚው ጉድለት መስሎት ከሆነ የሚያሳዝነኝ ለእሱ ነው።

እንዲያው ለመሆኑ ርካሹ ሰንጢ ከገበያ ቢጠፋ ማን ነው የሚጎዳው? ውዱን የሚሰበስበው ሰው አንድም ነገር አይጎድልበትም። የሚጎዳው ቀኑን ሙሉ ገመድ ሲበጥስ የሚውለው ጫኝና አውራጅ ነው። ሽቦ የሚልጠው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው፣ ቅርንጫፍ የሚያስተካክለው አትክልተኛ ነው። መሳል ገና ሊማር ያለ ጀማሪም አለ። ጀማሪ ማዕዘኑን ያበላሻል፣ ስለቱን ይቧጭራል፣ ጫፉን ያጎብጣል። በምን ይማር? በውዱ? ማንም አይፈቅድለትም፤ እሱም አይደፍርም። በርካሹ ግን አሥር ጊዜ አበላሽቶ አሥራ አንደኛው ላይ ይገባዋል። ገምጋሚው ራሱ እጁን ያፍታታው በምን እንደሆነ ቢነግረን ደስ ይለኛል። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በኤስ30ቪ ነው ካለኝ አላምነውም።