ዘንድሮም ክረምት ድንገት መጣ

ክረምት የሚገባው በሰኔ ነው። አያቴ ልጅ ሳለችም በሰኔ ነበር። አንድም ቀን ሐሳቡን ቀይሮ "ዘንድሮ በታኅሣሥ ልምጣ" ብሎ አያውቅም። እኛ ግን በየዓመቱ እንደነግጣለን። "ኧረ ዘንድሮ ዝናቡ ድንገት መጣብን!" እንላለን። አንድ እንግዳ ዕድሜውን ሙሉ በአንድ ወር፣ በአንድ በር እየገባ፣ በየዓመቱ "ውይ፣ አንተ ነህ እንዴ?" ብሎ መቀበል ቀላል የልብ ንጽሕና አይደለም። ይህን ጸጋ ሌላው ይኑረው አይኑረው እንጃ። የእኛ ሰፈር ግን ተርፎታል። ዛሬ ላመሰግን የተነሣሁትም እሱን ነው።

ማንም አልነገረን እንዳይባል፣ የሚነግሩን አሉ። የሚቲዎሮሎጂ ሰዎች ክረምቱ ሳይገባ ካርታቸውን ዘርግተው ከዜናው መጨረሻ ላይ ብቅ ይላሉ። "በአብዛኛው የአገሪቱ ክፍል መደበኛና ከመደበኛ በላይ ዝናብ ይጠበቃል" ይላሉ። "ቅጽበታዊ ጎርፍ" የሚልም ጣል ያደርጋሉ። ያኔ አባቴ ሪሞቱን ያነሣል። "እነዚህ ይዘንባል ካሉ ልብስህን አስጣ" ይልና ወደ ድራማው ይቀይራል። ይህን ማለት ከጀመረ ሃያ ዓመት አልፎታል። በነዚህ ሃያ ዓመታት ሐምሌ ሳይዘንብ ያለፈበት ጊዜ የለም። ቢሆንም ሰውየው አቋም አለው።

አያቴን ሳስብ ግን አዝናለሁ። ምስኪን ባላገር ነበረች፤ መደንገጥን አልታደለችም። ሚያዝያ ላይ ኩበቷን ጠፍጥፋ ታደርቃለች። ግንቦት ላይ ከማገዶው ጋር ከጣሪያ ሥር ትከምራለች። ወንዙ ሞልቶ ከወፍጮ ሳይለያት የክረምቱን እህል አስፈጭታ ትጨርሳለች። የጎጆው ሣር የሳሳበትን ታስከድናለች። ከሁሉ የሚገርመኝ ቦይዋ ነው። በቤቱ ዙሪያ፣ ከላይ በኩል ጠለቅ፣ ወደ ሜዳው ዘንበል አድርጋ ታስቆፍራለች። ከላይ የመጣ ውሃ ቤቱን ዞሮ መንገዱን ይቀጥላል። መሐንዲስ አላማከረች፣ ኮሚቴ አላቋቋመች። ሰኔ ሲገባ እሳት ዳር ቁጭ ብላ ቡናዋን ትቆላለች። ዝናቡ ይመጣል። እሷም "መጣ" ትላለች። በቃ። ይሄ ምን ኑሮ ነው? ግርግር የለው፣ ጩኸት የለው፣ ለጎረቤት የሚወራ ነገር የለው።

የእኛ ቤት ጣሪያ 35 ጌጅ ቆርቆሮ ነው። ነገሩን ለማያውቅ፣ ጌጁ ሲጨምር ቆርቆሮው ይሳሳል። ሻጩ "28 ይሻላችኋል፣ ወፍራም ነው" ብሎ መክሮ ነበር። አባቴ ግን 28 እና 35ን አስተያየ። የቱ ይበልጣል? ዋጋውንም ጠየቀ፤ 35ቱ ይረክሳል። ባነሰ ብር የበለጠ ቁጥር! እየሳቀ ነው ያስጫነው።

ነፋስ እንዳያነሣው ድንጋይ ጫንበት። ድንጋዩ እንዳይንከባለል ያረጀ ጎማ ጨመርን። ቆርቆሮው ከክብደቱ ብዛት ጎደጎደ፤ የጎደጎደው ላይ ውሃ ተኛ፤ ውሃ የተኛበት ዛገ፤ የዛገው ተበሳ። የሚስማሮቹ ጎሚኒም ካለቀ ቆይቷል። አንደኛዋ ቀዳዳ ላይ ወንድሜ ያኘከውን ማስቲካ ለጠፈባት። ማስቲካዋ ይኸው ሁለት ክረምት ይዛለች። ከቤታችን ሁሉ ሥራዋን አክብራ የምትሠራ እሷ ናት።

ለቀሪው ሳፋ አለ። ቀዩ ሳፋ ሳሎን ውስጥ ከኮርኒሱ ካርታ ሥር ይቀመጣል። ካርታ ያልኩት የእርጥበቱን ምልክት ነው፤ በየዓመቱ ድንበሩን እያሰፋ አገር አክሏል። ባልዲው መኝታ ቤት፣ ትልቁ ድስት መተላለፊያው ላይ። አልጋው ራሱ ሐምሌ ሲገባ ወደ ግራ ይፈልሳል፤ መስከረም ሲጠባ ወደ ቦታው ይመለሳል። እናቴ ከጠብታው ድምፅ ብቻ የትኛው እንደሞላ ታውቃለች። ሌሊት ከእንቅልፏ ሳትነቃ "ድስቱን ድፉት" ትላለች።

ትንሽ ሒሳብ ልሥራ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ አንድ ካሬ ሜትር ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። አዲስ አበባ ላይ በሐምሌ ብቻ በአማካይ ከ200 ሚሊ ሜትር በላይ ይዘንባል። የቤታችን ጣሪያ 50 ካሬ ነው ብንል፣ በአንድ ወር ከ10,000 ሊትር በላይ ይወርድበታል ማለት ነው። ባለ 2,000 ሊትር ሮቶ አምስት ጊዜ ይሞላል። አሸንዳ ቢኖረን ነዋ! የለንም። ስለዚህ ውሃው በቀጥታ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። እኛም በዚያው ዶፍ ውስጥ፣ በአንድ እጃችን ጃንጥላ፣ በሌላው ቢጫ ጀሪካን ይዘን፣ ቧንቧ ያልጠፋበት ሰፈር ድረስ ውሃ ፍለጋ እንወርዳለን። የእኛ ፈረቃ ሐሙስ ነው።

አሁን ወደ ሰፈራችን ትልቁ ጥበብ ልግባ። በመንገዱ ዳር የጎርፍ መሄጃ ቱቦ አለ። አርቆ የማያይ ሰው ለውሃ የተሠራ ይመስለዋል። እኛ በጋውን ሙሉ የሃይላንድ ጠርሙስ፣ ፌስታል፣ የጫት ገረባ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ ከግንባታ የተረፈ አሸዋ እናጠራቅምበታለን። "ቆሻሻ ጣላችሁ" የሚሉን አሉ። ስም ማጥፋት ነው። አልጣልንም፤ አስቀመጥን። ሐምሌ ሲመጣ ጎርፉ ይወስደዋል።

ወዴት? ወደ ታች ነዋ። እንጦጦ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። አቃቂ 2,100 ግድም ነው። ፈጣሪ ከተማችንን እንዲህ ዘንበል አድርጎ የሠራት ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ላይኛው ሰፈር ያስቀመጠውን ለታችኛው ይልካል። ታችኛው የራሱን ጨምሮ ያሳልፋል። ቀበናና ግንፍሌ ወንዞች ይቀባበሉታል። አቃቂ ሲደርስ የመላው ከተማ መዋጮ ሆኗል። ዕቁብ ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ሳይጎድል የሚደርስ ክፍያ አላየሁም።

ከዚህም የረቀቀ አለ። (ማዕድ ላይ ያላችሁ ይቅር በሉኝ።) ከጎናችን ያሉ አንድ የተከበሩ አዛውንት የመጸዳጃ ጉድጓዳቸው ሲሞላ መምጠጫ መኪና አይጠሩም። መኪናው ገንዘብ ይጠይቃል። እሳቸው ሰማዩን ይጠብቃሉ። ዶፉ ሲወርድ፣ ሌሊት ከሆነማ ይመረጣል፣ ካፖርታቸውን ደርበው ወጣ ይሉና ጉድጓዱን ወደ ጎርፉ ይለቁታል። ጠዋት በር ላይ ስንገናኝ "እንዴት አደርክ ልጄ፤ ሌሊቱን እግዜር እንዴት እንደባረከን አየህ?" ይሉኛል። በሰፈራችን የአየር ትንበያን በቁም ነገር የሚከታተሉት እሳቸው ብቻ ናቸው።

ዋናው ቀን ደግሞ እንዲህ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እንጦጦ ይጠቁራል። ነፋሱ አቧራውን ያነሣል። በአያቴ ቤት ሁለት ወር የፈጀው ሥራ በእኛ ቤት አምስት ደቂቃ ይመደብለታል። "ልብሱን አስገቡ!" ትላለች እናቴ። ልብሱ ከጎረቤት ካልሲ ጋር ተጠቅልሎ ይገባል። "ቴሌቪዥኑን ንቀሉ!" ዲቫይደሩ ይነቀላል። መብረቅ መልኩን እንዳያይ መስታወቱ በነጠላ ይሸፈናል። እኔ ስልኬን ቻርጅ ላደርግ እሮጣለሁ። ሶኬቱ ጋ ስደርስ መብራት ይሄዳል። ሰባት ፐርሰንት።

ሻማ አለ። አምና ገዝተን ነበር። የት ነው ያለው? ያስቀመጠው ያውቃል። ማነው ያስቀመጠው? እዚህ ላይ በጨለማ የቤተሰብ ጉባኤ ይከፈታል፤ የአምናው ብቻ ሳይሆን የካቻምናው ቂም ሁሉ ይነሣል። በመጨረሻ ታናሽ እህቴ ሻርፕ ተከናንባ ወደ ሱቅ ትሮጣለች። ባለሱቁ ሻማውን ደርድሮ፣ ክብሪቱን ከጎኑ አድርጎ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል። በግንቦት ነው ያስገባው። ዋጋው ግን የሐምሌ ነው። ሰፈሩ በሙሉ "ቀማኛ" ይለዋል። ሰውየው እኮ ጥፋቱ ሰኔ ይመጣል ብሎ ማመኑ ነው።

ከዚያ ውሃው በበሩ ሥር ይገባል። የእህቴ ብርድ ልብስ ደፉ ላይ ይሰዋል። ግንቦት ላይ "ሁለት ማዳበሪያ አሸዋ ሞልተን በሩ ጋ ብናስቀምጥ ምን አለበት" ያለ አንድ ሰው ነበር። እኔ ነኝ። "አታሟርት!" ተባልኩ። ነገሩ ያኔ ነው የገባኝ። በእኛ ቤት መዘጋጀት ሟርት ነው። ሳፋ ቀድመህ ካወጣህ ዝናቡን ጠርተኸዋል። ሻማ ቀድመህ ከገዛህ መብራቱን አጥፍተኸዋል።

የአጎቴ ልጅ ሜሪላንድ ነው የምትኖረው። በረዶ ሊጥል ነው ከተባለ ሦስት ቀን ቀድማ እንጀራ ሠላሳ ትገዛለች፤ አካፋና የጨው ከረጢት በሩ ጋ ታቆማለች፤ ባትሪውን ሁሉ ቻርጅ አድርጋ ትደረድራለች። ይህን በስልክ ስትነግረን እናቴ እንባዋ መጣ። "ምን አስፈራብኝ ልጄን? ሰው የላትም እንዴ?" አለች። ስልኩ ሲዘጋ ስዕለት ሁሉ ገብታላታለች።

ሟርት ካልኩ አይቀር። ድሬዳዋ ላይ የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው። ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ ማብቂያ ላይ፣ ሌሊት፣ ሰው ተኝቶ ሳለ፣ ከላይ ተራራው ላይ የዘነበው ውሃ በደቻቱ ወረደ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ በ2013 ነሐሴ፣ ለቡሄ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ጎርፍ ሰባት ሰው ወሰደ። "ድንገተኛ ጎርፍ" ተባለ። እውነት ነው፣ ጎርፉ ድንገተኛ ነው፤ ደቂቃም አይሰጥ። ሐምሌና ነሐሴ ግን ድንገተኛ አይደሉም።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይባላል። በእኛ ሰፈር ውሻው ቪዲዮም ይቀርጻል። ጠዋት ሁሉም ስልኩን ይዞ ይወጣል፤ የእኔም ሰባት ፐርሰንት ለዚህ አያንስም። ወረዳው ይሰደባል። ወረዳውም አንጸባራቂ ሰደርያውን ለብሶ ይመጣል። ኮሚቴ ይመረጣል። ወጣቶች አካፋ ይዘው ቱቦ ውስጥ ይገባሉ፤ ደለሉን፣ ገረባውን፣ ሃይላንዱን አውጥተው በቱቦው ጠርዝ ላይ ተራራ አድርገው ይከምሩታል። ፎቶ ይነሣል። ማታ ይዘንባል። ደለሉም ወደ ቤቱ ይመለሳል።

አባቴም ጣሪያ ሠሪ ይጠራል። ሠሪው ቀና ብሎ ያይና "በዚህ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ አልወጣም፣ ያንሸራትታል፤ መስከረም ይሻላል" ይላል። ልክ ነው። ቡሄ ሲደርስ እናቴ "ቡሄ ካለፈ የለም ክረምት" ብላ ሳፋውን ወደ ጓዳ ትመልሰዋለች፤ በማግስቱ ይዘንብና ታወጣዋለች። መስከረም ይመጣል፣ ከእንቁጣጣሽ ዶሮና ከትምህርት ቤት ክፍያ ጋር። ከዚያ መስቀል አለ። ጥቅምት ላይ ሠሪው ራሱ ደውሎ "ልምጣ?" ይላል። አባቴ በር ላይ ቆሞ፣ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ የጠራውን ሰማይ አሻቅቦ ያያል። "ለየትኛው ዝናብ?" ይለዋል።

አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በመንገዳችን መሐል አንድ ማንሆል አለ። ክዳኑ ከጠፋ ሦስት ዓመት ሞላው። ብረት ነበረ። "ቁራሌው!" የሚለው ድምፅ ያለፈ ጠዋት አብሮ ሄደ። ያኔ ሰፈሩ ሳይውል ሳያድር መፍትሔ አበጀለት። አንዱ ጎረቤት ከግቢው የግራዋ ቅርንጫፍ ቆርጦ አመጣና ጉድጓዱ ውስጥ አቆመው፤ መኪናውም እግረኛውም እያየ እንዲሸሽ። ለጊዜው ነበር። ጉድጓዱ በሦስት ክረምት በደለልና በገረባ ጢም ብሎ ሞላ። ቅርንጫፉም ሥር ሰደደ። ዘንድሮ ቁመቱ ከእኔ በልጧል። እናቴ ባለፈው ሳምንት ቅጠሉን ሸምጥጣ የጠላ ጋን አጠበችበት። ኮሚቴው ደግሞ የአረንጓዴ አሻራ ችግኞችን ሊቆጥር ሲዞር አየው፤ ዙሪያውን በድንጋይ ከበበና "የጸደቁ" በሚለው ሥር መዘገበው።