እብድ የተባለው ምስክር

ስለ ጣሊያኗ ደሴት ስለ ሲሲሊ ማፊያ ሲወራ ቀድሞ የሚነሳው የማፊያው አባል የነበረው ቶማሶ ቡሼታ ነው። በ1984 (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከብራዚል ተላልፎ ተሰጠና የማፊያውን ገመና ለዳኛ ጆቫኒ ፋልኮኔ ዘረገፈው። ውለታው ትልቅ ነው። እኔን ግን እንቅልፍ የሚነሳኝ ከእሱ 11 ዓመት ቀድሞ የተናገረው ሰው ነው፤ ሊዮናርዶ ቪታሌ።

ቪታሌ የሲሲሊ ዋና ከተማ የፓሌርሞ ዳርቻ፣ የአልታሬሎ ልጅ ነው። አባቱ በልጅነቱ ሞተበት። ያሳደገው አጎቱ የሰፈሩ የማፊያ አለቃ ነበር። ገና ወደ 19 ዓመቱ ሲጠጋ ሰው አስገደሉት። ከዚያ ጣቱን በመራራ ብርቱካን እሾህ ወጉት፣ የቅዱስ ሥዕል አቃጠሉ፣ አስማሉት። በቃ፣ አባል ሆነ።

በማርች 1973 በገዛ እግሩ ፖሊስ ዘንድ ሄደ። 31 ዓመቱ ነበር። ማንም ጎትቶ አላመጣውም። ኅሊናው አላስቀምጥ ብሎት፣ ሕይወቱን መቀየር ፈልጎ ነው። መጀመሪያ የተናገረው በራሱ ላይ ነው፤ ገድያለሁ አለ። ቀጥሎ አጎቱን፣ ከዚያ የማፊያውን አለቃ ቶቶ ሪናን፣ ከዚያም የቀድሞውን የፓሌርሞ ከንቲባ ቪቶ ቻንቺሚኖን በስም ጠራ።

መንግሥት ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። በ1977 ፍርድ ሲሰጥ ከ28 ተከሳሾች የተፈረደባቸው ሁለት ብቻ ናቸው፤ ቪታሌ ራሱና አጎቱ። ሌላው ሁሉ በነፃ ተሰናበተ። ቪታሌን የአእምሮ ሕመምተኞች እስር ቤት አስገቡት።

ታሞ እንደነበር አልክድም። ጭንቀቱ ከባድ ነበር። ግን የታመመ ሰው ሁሉ ይዋሻል ያለው ማነው? ስም፣ ቦታና ሟች ቆጥሮ የሚናገርን ሰው ሄዶ ማጣራት ይቻላል። ደግሞስ ያው አንዱ አፉ በራሱ ላይ ሲመሰክር ታመነ፣ በትልልቆቹ ላይ ሲመሰክር እብድ ተባለ። ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ።

ጣሊያኖች እንዲህ ያለውን ሰው «ፔንቲቶ» ይሉታል፣ የተጸጸተ ማለት ነው። በኛ አፍ ግን ጠቋሚ፣ አሳባቂ ነው የሚባለው፤ ቃላችን ራሱ ከተናጋሪው ይልቅ ለዝምተኛው ያደላል። ቡሼታ አሜሪካ ተደብቆ ኖሮ በ2000 በካንሰር ሞተ። ለቪታሌ ጥበቃ የሚባል ነገር አልነበረም። ምስክሮችን የሚጠብቀው የጣሊያን ሕግ የወጣው በ1991 ነው።

ቪታሌ በ1984 አጋማሽ ተፈታ። ዲሴምበር 2፣ እሑድ ቀን፣ ከእናቱና ከእህቱ ጋር ቅዳሴ አስቀድሶ ሲመለስ ጭንቅላቱን በጥይት መቱት። ከአምስት ቀን በኋላ ሞተ።

ፋልኮኔና ባልደረቦቹ በመቶዎች የሚቆጠሩ ማፊያዎች በተከሰሱበት በትልቁ ችሎት የክስ ሰነድ ላይ ስሙን አነሱት። ቢያንስ ከሞተ በኋላ የሚገባውን እምነት ያገኛል ብለው ተስፋ እንደሚያደርጉም ጻፉ። ሪና የተያዘው በጃንዋሪ 1993 ነው፤ ቪታሌ ስሙን ለፖሊስ ከሰጠ 20 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ሲቀረው።