የፍሊንት ውሃና ሰሚ ያጣ ጩኸት

በአሜሪካ ሚሺጋን ግዛት ስላለችው ስለ ፍሊንት ከተማ የተጻፈ ጽሑፍ አነበብኩ፤ ጸሐፊው የከተማዋን የተበከለ ውሃ «የአስተዳደር ስህተት» ብሎ ማለፉ አልተዋጠልኝም። ስህተት ሲነገርህ ታርመዋለህ። እዚያ ግን ሰው ውሃው ቀለሙም ሽታውም ተለወጠ ብሎ ቢጮህ የሰማው የለም።

አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነው ይህች የሚሺጋን ከተማ ገንዘብ ሲያጥራት፣ አገረ ገዢው የሾመው ሰው የተመረጡትን መሪዎች ሥልጣን ወሰደ። በ2014 እ.ኤ.አ. ወጪ ለመቀነስ ሲባል ውሃው ከፍሊንት ወንዝ እንዲቀዳ ተደረገ። ቧንቧ እንዳይበላ የሚጨመረው ኬሚካል ተተወ። ስለዚህ እርሳስ የተባለው መርዛማ ብረት ከቧንቧው ወደ ውሃው ገባ።

በዚያው ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ውሃው የሞተር ዕቃ ይበላብኛል ብሎ መጠቀም አቆመ። ልብ በሉ፣ ያው ውሃ የሕፃናት ወተት መበጥበጫ ሆኖ አንድ ዓመት ያህል ቀጠለ! የሕፃናት ሐኪሟ ዶ/ር ሞና ሐና አቲሻ በ2015 በልጆች ደም ውስጥ እርሳስ መጨመሩን ሲያሳዩ እንኳ ባለሥልጣናቱ መጀመሪያ አጣጣሏቸው።

እኔን ይበልጥ ያንገበገበኝ የውሃ ሂሳቡ ነው። እናቶች በታሸገ ውሃ ልጅ እያጠቡ፣ ለማይጠጣው የቧንቧ ውሃ ይጠየቁ ነበር። በ2017 ውዝፍ ላለባቸው ከ8 ሺህ በላይ ቤቶች፣ ካልከፈላችሁ ቤታችሁን ልታጡ ትችላላችሁ የሚል ደብዳቤ ደረሳቸው።

በዚያው ዓመት የሚሺጋን የሲቪል መብቶች ኮሚሽን ራሱ ሥር የሰደደ ዘረኝነት እጁ እንዳለበት ጽፏል። ጸሐፊው ይህን ለምን ዘለለው? በቀድሞው አገረ ገዢና በሌሎች ባለሥልጣናት ላይ የቀረበው የወንጀል ክስም በሥነ ሥርዓት ጉድለት ተሰርዞ ቀርቷል።